ጥያቄውን ለባለቤቱ አንብቢለት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ሥራ ፈቷል፤ ጆሮዬ ግን እንቢ ብሏል። ዕድር ላይ ተሰብስበን ሰው መናገር ሲጀምር ጣቶቼ ብዕር እንደያዙ ሁሉ ይገጥሙና ጉልበቴ ላይ መጻፍ እጀምራለሁ። ልጄ አይታኝ «እማዬ፣ ስብሰባው ተዘግቷል እኮ!» እያለች ትስቅብኛለች። ምን ላርግ? ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አፍ ስጠብቅ ኖሬ በአንድ ቀን እንዴት ልተወው?

ስንዱ እባላለሁ። የወረዳ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርሁ። ሥራው ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው፦ ገበሬው፣ መምህሩ፣ ነጋዴው ከየቀበሌው ተመርጦ ይመጣል። ኃላፊዎቹ ፊቱ ቆመው «የመንግሥትን በጀት እዚህ አዋልነው፣ ይህን ሠራንበት» ይላሉ። የተመረጠው ይጠይቃል፣ ኃላፊው ይመልሳል። እኔ ጥግ ይዤ ማን ምን እንደጠየቀ፣ ማን ምን እንደመለሰ እጽፋለሁ። ይኸው ነው። አሁን ስልክ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ይቀዱታል አሉ። ደግ አደረጉ። ስልክ ይሉኝታ አያውቅም፤ እኔን ያጠፋኝ ይሉኝታ ነው።

የሠራሁት በሦስት አገር ነው፤ ወገዳ ጀመርሁ፣ መካነ ኢየሱስ ከረምሁ፣ ጋይንትም ተዛውሬ ነበር። ከዚህ በታች የማወራው ጉድ ከሦስቱ በአንዱ የሆነ ነው። የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ ለማወቅ በከንቱ አትድከሙ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የአገሩ አይደለም።

ወገዳ ስገባ ታይፒስት ነበርሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወረቀታችን በጭነት መኪና ጫፍ ላይ አቧራ ጠጥቶ ይመጣል፣ ክረምት ሲሆን ጭራሽ አይመጣም። ካርቦኑን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ እንጠቀምበት ነበር። ደሞዙን ተዉት፣ አይወራም። ግን እግዜር ሲወደኝ የኔታ ፈንቴ ያሉበት ቢሮ ጣለኝ።

የኔታ ፈንቴ የቃለ ጉባኤው ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በልጅነታቸው ጋይንት ካለው የቤተ ልሔም ደብር የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓን ተምረዋል። አስመስክረው መምህር ሊባሉ ጥቂት ሲቀራቸው አባታቸው ሞቱና እርሻውን ሊይዙ ወደ ቤት ተመለሱ፤ ከእርሻው ደግሞ ወደ ቢሮ። አስተዳዳሪው እንኳ «የኔታ» ነበር የሚላቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የመነጽራቸውን የተሰበረ ክንድ በክር አስረው፣ ኪሳቸው ውስጥ ቆሎ ይዘው ይቀመጣሉ። ስብሰባው ሲረዝም አንድ አንድ ፍሬ ይቆረጥማሉ። «እንቅልፍ የወሰደው ጸሐፊ ግማሽ ሕዝብ ገደለ ማለት ነው» ይሉኝ ነበር።

ላጲስ አይነኩም። የተሳሳቱትን በአንዲት ቀጭን መስመር ይሰርዙታል፤ ከስር ያለው ግን ይነበባል። ረቂቅ ደብተራቸውን አይጥሉም፤ ንጹሑ ተገልብጦ ተፈርሞ እንኳ ረቂቁን በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ያኖሩታል። «ንጹሑ የቢሮው ነው፤ ረቂቁ የእግዜር ነው» ይላሉ። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ ይስቀኝ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ልማዳቸው ግን ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። በእኛ ምክር ቤት ጥያቄ ጠዋት ይሰበሰባል፣ መልስ ከምሳ በኋላ ይሰጣል። በመሐሉ ጸሐፊው ጥያቄዎቹን በአንድ ወረቀት ገልብጦ ለኃላፊዎቹ ይሰጣል። የኔታ ታዲያ ወረቀቱን ከመስጠታቸው በፊት ጠያቂዎቹን አንድ በአንድ እየዞሩ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብለው «እንዲህ ነው ያሉት?» እያሉ ያነቡላቸዋል። «አዎ» ካለ ምልክት ያደርጋሉ። «የለም» ካለ ያርማሉ፣ ደግመው ያነባሉ። ኃላፊዎቹ «ኧረ የኔታ፣ ወጡ ቀዘቀዘ!» ይላሉ። እርሳቸው አይሰሙም።

ልማዱ የመጣው ከቤተ ልሔም ነው። የድጓ ተማሪ የዜማውን መጽሐፍ በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ይዞ ይቀርብና ፊደሉም ምልክቱም አንድ በአንድ እየተመረመረ ይታረማል። ያልታረመ ድጓ ምን ቢያምር ማኅሌት አይቆምበትም። የኔታም የገበሬ ጥያቄ ሳይታረም አይለፍ ባይ ነበሩ። መምህሩ ደግሞ ጠያቂው ራሱ ነው።

አንድ ቀን እኔ ገልብጬ አቀረብሁ። አንድ ሽማግሌ ጠዋት ተነሥተው «የዘር ስንዴው ከተዘራ በኋላ ለምን መጣ? መሬት እናንተን ትጠብቃለች?» ብለው ነበር። እኔ ትምህርቴን ላሳይ ብዬ «የግብዓት አቅርቦት መዘግየት መኖሩን አንሥተዋል» አልሁ። የኔታ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ።

«ይህን ማን አለ?»

«እኒያ ሽማግሌ።»

«እኒያ ሽማግሌ 'ግብዓት' የሚባል ቃል ያውቃሉ?»

«አያውቁም፣ የኔታ።»

«ታዲያ ከአፋቸው በየት በኩል ወጣ?»

«ስሚኝ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ጥያቄውን ለባለቤቱ አንብቢለት። ባለቤቱ ሰምቶ የእኔ ነው ካላለ ጥያቄው የአንቺ ሆኗል። አንቺን ደግሞ ማንም አልመረጠሽም።»

ይህችን ቃል ስንት ዓመት ተመራሁባት! የኔታ ጡረታ ወጥተው ወደ ቤተ ልሔም ከተመለሱ በኋላም በየሄድሁበት እያነበብሁ፣ እያረምሁ ኖርሁ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። ሳያነብ ቆሞ የሚፈርም ነበር፤ «ስለ እኔ ማን ጠየቀ?» እያለ አስቀድሞ ሊያይ የሚያባብለኝ ነበር፤ ስታመም እንቁላል የላከልኝም ነበር። ሁሉንም አመሰግናለሁ፣ የሚያባብለኝን ሳይቀር፤ እንቢ ማለትን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ችግሩ የመጣው መመስገን ስጀምር ነው። አንድ አፈ ጉባኤ «የስንዱ ቃለ ጉባኤ እኮ ቅቤ ነው፤ ጉሮሮ አይከረክርም» አለ። ሰው ሲያሞግሰው የማይሞቀው ማን ነው? ሞቀኝ። ቀስ በቀስ ማለስለስ ለመድሁ። ማንበቡንም አንዳንድ ቀን መዝለል ጀመርሁ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ሰኔ መጣ፣ የዓመቱ ሪፖርት የሚሰማበት ስብሰባ። አዳራሹ ታድሶ ነበር። ድሮ ወለሉ አፈር ስለ ነበር ወንበሬ ይነቃነቅብኝ ነበር፤ አሁን በሲሚንቶ ተለስኖ መስተዋት መስሏል። ከበላይም እንግዶች መጥተዋል። እትዬ ጠጄ እጇን አወጣች።

እትዬ ጠጄ ከእሾሄ ወንዝ ማዶ ካለ ቀበሌ የተመረጠች ገብስ አራሽ ናት። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በእርሻ ያሳደገች፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር ብትር የምታነሣ ሴት። እሾሄ ክረምት ሲገባ ይሞላና ማዶውን ቀበሌ ከዓለም ይለየዋል፤ ገበያ የለ፣ ትምህርት ቤት የለ፣ ጤና ጣቢያ የለ። ባለፈው ዓመት ድልድይ ይሠራላችኋል ተብለው ነበር። ተነሣችና እንዲህ አለች፦

«አምና ለእሾሄ ድልድይ ሲሚንቶ መጣ ብላችሁ እዚሁ አጨበጨብን። ድንጋዩን በትከሻችን አወረድን፣ አሸዋውን በአህያ ጫንን። ሲሚንቶው አልደረሰም። የት ገባ? ማን ፈርሞ ወሰደው? ስሙን ንገሩኝ። እኔ ለላከኝ ሕዝብ ስም ይዤ ነው የምሄድ።»

ከእንግዶቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ ፈገግ አለ። እኔ ጉንጬ ጋለ። «ወይ ጉድ! በእንግዳ ፊት እንዲህ ይባላል? ሴትዮዋ ራሷን አዋረደች» አልሁ በልቤ። ረቂቁ ላይ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፤ እጄ ከልማዱ አልወጣም። ስገለብጠው ግን እንዲህ አደረግሁት፦ «በቀበሌው የተጀመረው የድልድይ ግንባታ እንዲፋጠንና ትኩረት እንዲሰጠው ጠይቀዋል።» ማርልኝ ጌታዬ! ውለታ የዋልሁላት መስሎኝ ነበር እኮ።

ለምን አላነበብሁላትም? ሰማዩ ጠቁሯል። እትዬ ጠጄ እሾሄ ሳይሞላ ለመሻገር መልሱን ሳትሰማ ልትሄድ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ስታስር በመስኮት አየኋት። ሮጬ ልደርስባት እችል ነበር። ግን እውነቱን ልናገር? ጾም ነበር፤ እስከ ስድስት ሰዓት ምንም አልቀመስሁም። ምሳው ቀርቧል። ራበኝና ተውሁት።

የድልድይ ሥራው ኃላፊ ጠዋት ሌላ ቦታ ስለ ነበር እትዬ ጠጄን በጆሮው አልሰማትም። ከሰዓት መጥቶ የእኔን ወረቀት አነበበና «ይፋጠናል፣ ትኩረት ይሰጠዋል» አለ። ተጨበጨበ። መስከረም ላይ ቃለ ጉባኤው ሊጸድቅ ስናነበው እትዬ ጠጄ የለችም፤ ወንዙ ገና አልጎደለም። ጸደቀ።

ጥር ላይ መጣች። «አምና ሰኔ ጠይቄ መልሱ አልደረሰኝም» ብላ ተነሣች። ኃላፊው «ስለ ሲሚንቶ የሚባል ጥያቄ ለእኛ ቀርቦ አያውቅም፤ ቃለ ጉባኤው ይታይ» አለ። አፈ ጉባኤው አንብቢ አለኝ። አነበብሁ። «እንዲፋጠን ጠይቀዋል።»

«ይኸው!» አለ ኃላፊው። «እንዲፋጠን ጠየቁ፣ እናፋጥናለን አልን። ሲሚንቶ የሚል የት አለ?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እትዬ ጠጄ ወደ እሱ አላየችም፤ ወደ እኔ ዞረች።

«ስንዱ፣ እኔ እንዲህ ነው ያልሁ?»

እስከ ዛሬ ያቺ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ አለች። «የለም፣ እንዲህ አላሉም» ማለት ምን ያህል ቃል ነው? እኔ ግን «የተጻፈው ይኸ ነው» አልኋት። እትዬ ጠጄ ተቀመጠችና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ስብሰባው እስኪያልቅ ቀና አላለችም።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ገበያ ደረሰ። የቀበሌዋ ሰው «ጠይቂልን ብለን ላክናት፣ አጨብጭባ ተመለሰች፤ ደግሞ ጠይቄያለሁ ብላ ትዋሻለች» ብሏል። ከፋሲካ በኋላ ተሰብስበው ከተመራጭነት ሊያነሷት ነው። ውሸታም የተባለ ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ሽምግልና አይቀመጥ፣ ለምስክርነት አይጠራ፣ ልጁን እንኳ ሰው በጥርጣሬ ያጭለታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ግን ወጊዋ ሆኜ መርሳት አቃተኝ።

ሰንበትን ጠብቄ ቤተ ልሔም ሄድሁ፤ መኪና እስከሚያደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ። የኔታ ፈንቴ ከቅዳሴ ወጥተው ቅጥሩ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ለዩኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ራበኝ ያልሁትን እንኳ አልደበቅሁም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ቆሎ ከኪሳቸው አውጥተው በመዳፌ አደረጉልኝ።

«ረቂቁ አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ የኔታ። በጨርቅ ጠቅልዬ።»

«ታዲያ የምን ምክር ፈልገሽ ይህን ያህል መንገድ ደከምሽ?»

«ፈራሁ። ከሥራ ያስወጡኛል። ልጆች አሉኝ። ለእሷ ብቻዋን ሄጄ ይቅርታ ብላት አይበቃም?»

«እዚህ ድጓ ሲታረም፣» አሉ የኔታ፣ «ስሕተት የተገኘበት ተማሪ ብራናውን የሚፍቀው ጓደኞቹ ሁሉ በተቀመጡበት ነው። ያፍራል፣ ያልበዋል፣ ይፍቃል። ጓዳ ገብቶ የሚፍቅ አላየሁም። ሴትዮዋን ያዋረድሻት የት ነው?»

«አዳራሹ ውስጥ።»

«እንግዲያው መንገዱን ታውቂዋለሽ» አሉና መረቁኝ።

መጋቢት ላይ ስብሰባው ደረሰ። ጸሐፊ በምክር ቤት ንግግር የለውም፤ እጅ ባወጣ የሚፈቅድልኝ አልነበረም። ግን ማንም ሊነጥቀኝ የማይችለው አንድ ሰዓት አለኝ። ሁልጊዜ የመጀመሪያው አጀንዳ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማንበብ ነው፤ የሚያነበው ደግሞ ጸሐፊው ነው። ተነሥቼ የጥር ወሩን አነበብሁ። ስጨርስ መቀመጥ ሲገባኝ አልተቀመጥሁም። ጨርቁን ፈታሁ።

«እርማት አለ» አልሁ። አፈ ጉባኤው «የምን እርማት?» ሲል እኔ ማንበብ ጀምሬያለሁ። «አምና ለእሾሄ ድልድይ ሲሚንቶ መጣ ብላችሁ እዚሁ አጨበጨብን...» እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ከዚያም «ይህ ሰኔ ላይ የተጠየቀው ነው። የለወጥሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ጥር ላይም እያወቅሁ ዝም አልሁ። እትዬ ጠጄ አልዋሹም» አልሁ።

አፈ ጉባኤው ተቆጣ፣ «ተቀመጪ!» አለ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አትቀመጥም! ትጨርስ!» ብለው ጮኹ። እኔ ግን አንድ ነገር ቀርቶኛል። ወደ እትዬ ጠጄ ዞርሁ።

«እንዲህ ነው ያሉት?»

ቀስ ብላ ተነሣች። «አንድ ቃል ቀርቷል» አለች። «'በአህያ ጫንን' ብቻ አላልሁም፤ 'በተከራየነው አህያ' ነው ያልሁ።»

ያን ጊዜ ሳቅ ፈነዳ፤ እንደ ጥር ወሩ ሳቅ ግን አልነበረም። እዚያው ፊታቸው አረምሁት። ረቂቄ ላይ አሁንም አለ፣ በቀጭን መስመር።

ኃላፊው መመለስ ግድ ሆነበት። ላቡን ጠረገና ተናገረ። ሲሚንቶውን የሰረቀ የለም። «እንግዶች ስለሚመጡ ለጊዜው በውሰት ወስደን... ለዚህ አዳራሽ ወለል አዋልነው። እኔ ነኝ የፈረምሁ» አለ።

መቶ የሚሆን ሰው በአንድ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ እግሩን አየ። እኔም አየሁ። ወንበሬ የማይነቃነቅበት ወለል፣ ያ መስተዋት ያልሁት! ድልድዩን ረግጠን ነው ስለ ድልድዩ ስናጨበጭብ የከረምነው። እትዬ ጠጄ ብቻ ወደ ታች አላየችም። «እሺ፣ ስሙን አገኘሁ» አለችና ተቀመጠች።

እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ ከደሞዜም ተቀነሰ። እግዜር ያውቃል፣ ፊርማዬን ሳኖር ቀለል አለኝ። የቀበሌዋ ሰው እትዬ ጠጄን ሊያነሣ በጠራው ስብሰባ ሊመርቃት ተሰበሰበ። ሲሚንቶው ተተካ፤ በተከታዩ በጋ ድልድዩ ተሠራ። ትንሽዬ ናት፣ ሁለት የተጫነ አህያ ጎን ለጎን አታሳልፍም፤ ግን ክረምት አይደፍራትም። የኔታ ፈንቴ ሳያርፉ ሄጄ ነገርኋቸው። «ታረመ?» አሉኝ። «ታረመ፣ የኔታ።» «በይ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝና ቆሎ ሰጡኝ። ነፍሳቸውን ይማር፤ እንጀራ የበላሁባቸው፣ ሰው የሆንሁባቸው እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጡረታዬ እስኪደርስ አንድም ምሳ በሙቁ በልቼ አላውቅም።

የመጨረሻው ስብሰባዬ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ወለል ላይ ነበር። ሌላ አፈ ጉባኤ ተተክቷል፣ ደግ ሰው ነው። የመጨረሻውን አጀንዳ «የወይዘሮ ስንዱ ስንብት» ብሎ አስያዘ። ጸሐፊዋ እኔው ነኝና የራሴን ስንብት ራሴ ስጽፍ አስቡት! ጋቢ አለበሱኝ፤ ጋቢውን ለብሼ «ጋቢ ተበረከተላቸው» ብዬ ጻፍሁ። የእለቱ ቃለ ጉባኤ በመስተዋት ተደርጎ ለማስታወሻ እንደሚሰጠኝም ተነገረ።

እትዬ ጠጄ ተነሣች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ብትሩ ግን ያው ነው።

«ይቺ ስንዱ በድላኝ ነበር» አለች። «ሰው ፊት ውሸታም አድርጋኛለች። ኋላ ደግሞ ሰው ፊት ቆማ እኔ ነኝ አለች። እሾሄን በድልድይ ስሻገር ሁለቱንም አስባለሁ። እግዜር ይስጣት።»

እጄ ቆመ። አፈ ጉባኤው ጎንበስ ብሎ «እማማ ስንዱ፣ የመጀመሪያዋን ተይያት፤ ግድግዳ ላይ የምትሰቅይው ነው» አለኝ በሹክሹክታ። አሳቢ ሰው! እኔም አንድ ሰኔ እንዲሁ አስቤ ነበር። ሁሉንም ጻፍሁት።

እትዬ ጠጄ አልተቀመጠችም። «አንብቢልኝ» አለች።

ተነሣሁ። «'ይቺ ስንዱ በድላኝ ነበር'...» እንባዬ መጣ፣ እንደምንም ጨረስሁት። «እንዲህ ነው ያሉት?»

«አንድ ቃል ቀርቷል።»

«ምን ቀረ?»

«'ይቺ እኅቴ ስንዱ' ነው ያልሁ።»

አላለችም ነበር። ጆሮዬ ዛሬም ደኅና ነው፣ አላለችም። ግን ቃሉ የባለቤቱ ነው። ብዕሬን አነሣሁና እዚያው ፊታቸው አረምሁት።